ተስፋዬ በክፉ ቀን ውስጥ

ሰኞ፣ ጥቅ. 10፣ ጧት
ገንፎው ዛሬም ሳይነካ ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ተስፋዬ ከመስኮቱ አይነቃነቅም። የፍራንክፈርቱ ሰፈራችን ኖርድኤንድ ጭጋግ ለብሷል። ከብቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ወድቋል ይለኛል፣ ቀስ ብሎ። እኔ የማየው የቆሙ መኪኖችን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11፣ ከሰዓት
የሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበረን። የመርሳት በሽታው ብሶበታል። ካልበላ ሆስፒታል ይገባል አለን ሐኪሙ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ተስፋዬ በሐሳቡ የት እንዳለ ለሐኪሙ በጀርመንኛ ማስረዳት አቃተኝ። ያሳደጉት አያቱ የክፉ ቀን ልጅ ነበሩ። በሽታ ከብቱን ፈጀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ አገር ተራበ። እናታቸው ድርሻቸውን ለልጆቹ እየሰጡ ሞቱ። ተስፋዬ ይህንን እየሰማ አደገ። እዚህ መጥቶ ታሪክ ያጠናውም ለዚሁ ነው። አሁን ራሱ ክፉ ቀን ውስጥ ገባ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12
ፀሐይ ወጣች። የሰፈሩ አትክልተኛ ከመስኮታችን ሥር ይቆፍራል። ተስፋዬ ፊቱ በራ። ጃንሆይ ራሳቸው ዶማ ይዘው ወጡ፣ በሬ ስለሌለ፣ አለኝ። ሳቅኩ። ሾርባውን ግን ገፋው።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13፣ አመሻሽ
ልጃችን ሶስና ከከተማው ዳር፣ ከዚንድሊንገን መጣች። እሷ በጀርመንኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ተጨቃጨቅን። ፍሌገሃይም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ቦታ አግኝታለታለች፤ ነገ መልስ ይፈልጋሉ። ተቆጣሁ። አለቀሰች። «አባዬ በረሃብ ሊሞትብን ነው እኮ!» ይቺን በአማርኛ። እውነቷን ነው። ሳሎን ተኝታ ታድራለች።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14፣ ጧት
ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል። በሕልሜ እኔም እዚያ ነበርኩ። ሰፊ ሜዳ። ሣሩ እስከ ወገብ አድጓል፣ የሚግጠው የለም። ፀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ የሚያስፈራ። ስነቃ ተስፋዬ ያየኛል። ሁልጊዜ «ፍራንክፈርት ነን፣ ያ ድሮ አለፈ» እለው ነበር። ዛሬ አላልኩትም።
«ለምንድነው የማትበላው?» አልኩት።
«ልጆቹ ሳይበሉ?»
ለካ ይኸው ኖሯል! ሶስናን ቀሰቀስኳት። አጠገቡ ቁጭ ብላ በላች፣ እንባዋ እየወረደ። እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ ተከተለ።
«ጠገብሽ፣ ልጄ?»
«ጠገብኩ፣ አባዬ።»
አፉን ከፈተ። አጎረስኩት።

ቀትር
ሶስና ለፍሌገሃይሙ ደወለች፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት አለቻቸው። ነገ አልጋዋን ታመጣለች። እስከ መቼ እንደምንችል አናውቅም፣ አልተነጋገርንበትም። ጓዳውን ላስለቅቅላት ልነሳ።