የተቆረጡ ሰዎችና አንድ አውራ ጣት

ሰኞ፣ የካቲት 3

መምህር "አንድ መስመርም ቢሆን በየቀኑ ጻፍ፤ እጅህ እንዳይዝግ" ብለዋል። ይኸው። አንድ መስመር አለፈ እኮ! በአርባ አራት ዓመቱ የማታ ትምህርት ገብቶ፣ በአምስት ወር ውስጥ ደብተር የሚሞላ ሰው አይታችኋል? አላያችሁም። ማንን ነው የማናግረው… ደብተሩን።

ዛሬ ሥራ እንደ ወትሮው። ሁለት ባነር ጠቀለልኩ፣ አንዱን ሰቀልኩ። የጥርስ ሐኪም ነው። መሰላሉ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አራት ዓመት ስሰቅል የኖርኩት ምን እንደሚል ሳላውቅ ነው… ማንም አያውቅብኝም። ጎበዝ አይደለሁም?

ቤት ስገባ የሳሙናውን ወረቀት አነበብኩ፣ የክብሪቱን፣ የመድኃኒቱን። ባለቤቴ፦ "እስከዛሬ አፍህ ብቻ ነበር ያስቸገረን። አሁን ዓይንህ ተጨመረበት።"

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ምሳ ሰዓት ዶክተር አጠገብ ተቀመጥኩ። ዲዛይነራችን ናት። ዶክተር ያልኳት እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስትቆርጥ ስለምትውል። ኮምፒውተሯ ውስጥ ከጀርባቸው ግድግዳውም ሰማዩም ተቆርጦ የተጣለ ሰዎች አሉ… በሺህ። ነርስ፣ ግንበኛ፣ የምትስቅ እናት። እንዲሁ ተዘጋጅተው የተገዙ ናቸው። ጎትታ የፈለገችበት ታቆማቸዋለች። እንቢ የሚል የለም። እኔ ቤት ቢሆኑ ጥሩ ነበር።

"እጆች" የሚል ፎልደርም አለ። ራሴ ነኝ ያነበብኩት! ባለቤት የሌለው እጅ ብቻ።

አጅሬም እዚያው ነው። ሱፍ የለበሰው፣ ሠላሳ ሁለቱንም ጥርሱን የሚያሳየው። ሰኞ የሰቀልኩት እሱን ነው። ባለፈው ዓመት መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። እንደሱ ሥራ የሚቀያይር ሰው አላየሁም፤ ከረባቱን እንኳ አይቀይርም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

መጥፎ ወሬ። እስከ መጋቢት 5 ድረስ ሃያ አዲስ ተማሪ ካልተመዘገበ ክፍላችን መጋዘን ሊሆን ነው። እኛ ዘጠኙስ? ሁለተኛውን ደረጃ የት ልንማር? እኔ ገና ረጅም ቃል ሲመጣብኝ እንደ አቀበት መሃሉ ላይ ቆሜ ነው የማርፈው…

መምህር ሰሌዳውን እያጸዱ "እንግዲህ ማስታወቂያ ቢጤ ብናወጣ" አሉ።

"ለእኔ ተዉት!" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። "ማተሚያ ቤቱን የያዝኩት እኔ አይደለሁ?"

የያዝኩት መሰላሉን ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አለቀ! ዶክተር በምሳ ሰዓቷ ሠራችው። አጅሬን መረጥኩ፣ ምርጡን ሰው። እጁ ላይ መጽሐፍ ሰጠነው፤ ከሌላ ፎልደር የተቆረጠ። ጽሑፉን እኔ ነኝ ያልኩት፦ "ማንበብና መጻፍ ይማሩ! በነጻ!" ፊደሎቹ የክንድ ያህል። ለማን ነው ስትለኝ "ለአንድ የማውቃቸው መምህር" አልኳት… ውሸት አይደለም።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ፣ ገበያው በር ላይ፣ ሦስተኛውን ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ፊት ለፊት ሰቀልኩ። ወርጄ አየሁት። አማረ። ሃያ ምን አላት፣ መቶ ይመጣል።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ማንም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሁለት ሰው መጣ! አንዱ ጉንጩን በፎጣ አስሯል። መምህርን "መንጋጋ ትነቅላላችሁ?" አላቸው። ሁለተኛው እሱን ደግፎ የመጣ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ነገሩ ከነከነኝ። የባለ አራት ፎቁን ዘበኛ ጠየቅሁት። እኩያዬ ነው፤ ሁለት ዓመት ስንሳደብ የኖርን ወዳጆች ነን።

"ስማ እስቲ፣ ያ የምን ማስታወቂያ ነው?"

ቀና አለ። "የጥርስ ነዋ። ያ ሰውዬ የጥርስ ሰውዬ አይደል?"

"መጽሐፍ ይዟል እኮ።"

"ሐኪም መጽሐፍ አይዝም?"

"ጽሑፉስ ምን ይላል?"

ዞር አለ። "መነጽሬን ቤት ረስቼ…"

"ነገ ይዘኸው ና።"

"ነገ ተረኛ አይደለሁም። ሂድ፣ መሰላልህ ይጠብቅሃል!"

በሁለት ዓመት መነጽር አድርጎ አላየሁትም። ደግሞ "መነጽሬን ረስቼ" የምትለው የእኔ ናት! ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የልጄ ትምህርት ቤት… እሷን ይዤ ነው የዞርኩት። ሰውዬው ዕቃዬን ይዞብኛል።

መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ማንበብ ለማይችል ሰው "ማንበብ ተማር" ብለን ጽፈን ሰቀልን! መምህር፣ ዶክተር፣ እኔ። እነሱስ ይሁን… እኔ? በአምስት ወር ረሳሁት?

ዓርብ፣ የካቲት 21

ያኔ ምን ነበር የማየው? ቀለም። ሰው። ጥርስ የሚያሳይ ሰው ካለ ጥርስ፣ ጫማ ካለ ጫማ። ምን ቢሰቅሉ ኖሮ መንገድ ላይ እቆም ነበር?

አንድ ቀን ትዝ አለኝ። መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ጋ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ። ልጅቷ "ፈርም" ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ፤ አየችኝ፤ መልሳ ወሰደችና የቀለሙን ሳጥን ገፋችልኝ። ምንም ክፉ አልተናገረችም። አውራ ጣቴን ኪሴ ውስጥ ጠረግሁ፣ ማንም እንዳያይ። ሱሪውን ያጠበችው ባለቤቴ ናት። ኪሱን ገልብጣ አየችው… ደግማ በሳሙና አሸችው።

ያ ጣት ነው። ያን ብሰቅል ዘበኛው ይቆማል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዶክተር "እጆች"ን ከፈተች። የሚጨባበጥ፣ ስልክ የያዘ፣ አውራ ጣቱን "ጎበዝ!" ብሎ ያቆመ። ሁሉም ንጹሕ። ከአራት መቶ እጅ አንድም ቀለም የነካው አውራ ጣት የለም።

"ጋሼ፣ የተነከረ ጣት ማን ይፈልጋል?"

"ማንበብ የማይችል ሰው። አይቶ ያውቀዋል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

ቀልድ ፈለግሁ። ሁልጊዜ አንድ አለኝ እኮ… አልመጣም። "በዚህ ነዋ" ብዬ ጣቴን አሳየኋት።

ጣቴን አየች፣ እኔን አየች። "ያኔ የጫማ ቤቱን ባነር ገልብጠህ የሰቀልከው… ለቀልድ አልነበረም?"

"አልነበረም።"

"እኛ እኮ እስከዛሬ እንስቃለን።"

"እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር።"

ፎልደሩን ዘጋች፤ የማኅተሙን ቀለም አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "እስቲ ጣትህን።"

ነከርኩ። በስልኳ አነሳችኝ፤ በነጭ ወረቀት ላይ። ያንኑ እጅ እስክሪብቶ አስይዛ ደግሞ አነሳች። ሄደን የክፍላችንን ሰማያዊ በር አነሳን፤ አድራሻ ማንበብ የማይችል ሰው በር ያውቃላ! ከዚያ መቁረጥ ጀመረች፣ ዙሪያ ዙሪያውን፣ ቀስ ብላ።

"ይቺን ጠባሳ ላጥፋት? ሰው በእሷ ይለይሃል።"

ወረቀት መቁረጫው የተወልኝ ናት፤ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃታል። አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ…

"ተያት።"

የተነከረ ጣት፣ ቀስት፣ እስክሪብቶ የያዘ እጅ፣ ቀስት፣ በር። ፊደል የሚባል የለም። ዶክተር ጣቴን "እጆች" ውስጥ አስቀመጠችው። ከእነዚያ ሁሉ መሃል ስሙ የሚታወቅ እጅ የእኔ ብቻ ነው!

ሰኞ፣ የካቲት 24

አጅሬን አውርጄ ጣቴን ሰቀልኩ። በግ የሚያህል አውራ ጣት።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት መኪናውን አቆመ። "አንተ፣ ይሄ ጣት ያንተ አይደለም?"

ሁለት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለቱም ቀሩ። "የእኔ ነው" አልኩ።

ቆየት ብሎ አየው። "ትንሽ ወደ ቀኝ አጋድሏል፤ አስተካክለው" አለና ሄደ።

ባለቤቴም አይታዋለች። "ከኪስህ ሳጥበው የኖርኩት ጣት አደባባይ ወጣ!" ብላ ሳቀች። ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

እስከ ትናንት አሥራ ሁለት። ዛሬ መምህር ቢሮ ስለተጠሩ "አንተ መዝግብ" አሉኝ። እኔ! ሰልፉ በሩን አልፎ ግቢው ድረስ ወጣ። አላፊ አግዳሚው "ምን ያህል ሰው ነው የጎረፈው!" ይላል። ሰባት ናቸው። የእኔ ጽሕፈት ነው ያስረዘማቸው።

"ጎበዝ፣ እየሳልከው ነው እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ።

ያ ጉንጩን ያሰረው ሰውዬ ነው። መንጋጋውን አስነቅሎ መጣ። "አሥራ ዘጠነኛ" ብዬ ጻፍኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

የመጨረሻው ቀን። አሥራ ዘጠኝ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቁጭ አልኩ። ማንም። አሥር ሰዓት… ማንም። መምህር ወንበሮቹን መደራረብ ጀመሩ። "ትንሽ እንጠብቅ" አልኳቸው። ሁለት ደረደሩና ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። ቆቡን በእጁ ይዟል። ሰማያዊውን በር ነካ አደረገው፤ ያው መሆኑን ሊያረጋግጥ መሰለኝ። ገብቶ ፊቴ ቁጭ አለ። ዓይኑ ጠባሳዬ ላይ ነው።

"ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው።"

መዝገቡን ወደ እሱ አዞርኩለት፣ ሳላስብ። ወረቀቱን ትክ ብሎ አየ። "መነጽሬን…" አለና ቆመ።

አቤት ስንት ስድብ ምላሴ ላይ ደረሰ! የሁለት ዓመት ብድር ነበረብኝ እኮ። ዋጥኩት።

"እኔም ረስቻለሁ" አልኩት። "ስምህን ቀስ ብለህ ንገረኝ።"

ነገረኝ። ጻፍኩ። ሁለት ዓመት "አንተ ዘበኛ" ስለው ኖሬ ስሙን ዛሬ ነው የሰማሁት። አንድ ፊደል ሳትኩና ሰርዤ ደገምኩት። አልቸኮለም። መምህር ከኋላ የደረደሩትን ወንበር ሲያወርዱ ይሰማኛል።

መጨረሻ ላይ መፈረሚያው ደረሰ። አውራ ጣቱን አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ ቀለም ይፈልጋል። ቀለሙ መሳቢያው ውስጥ አለ፤ መምህር ነበሩ ያስቀመጡት። መሳቢያውን አልከፈትኩም።

"አሁን አይደለም" አልኩት። "በኋላ ራስህ ትሞላዋለህ።"

ቦታውን ባዶ ተውኩለት።