ኢ ላይ የነበሩት አሥራ አራቱ

ጥቅምት 21፣ 2001
ፍኖተ ሰላም

ስድስት ገጽ ፈተና ተየብኩ። ኮምፒውተሩ አሁንም «ሞልቷል» እያለ ይቆማል። ያረጋል ቢኖር ነካ ነካ አድርጎ ያስነሳው ነበር። ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ... ፎቶው ግድግዳው ላይ አለ። ድምፁ ግን እየጠፋብኝ ነው። የባል ድምፅ እንዲህ ቶሎ ይረሳል? ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ሜላት ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሷማ ጭራሽ አታስታውሰውም።

ጥቅምት 26

ክንዱ የሚሉት ጠጋኝ ከቡሬ መጣ። ሃርድ ዲስኩ ለሦስት ተከፍሏል አለኝ፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ። ፓርቲሽን ይሉታል። ሲ ጢም ብሏል፣ ዲ ባዶ። ኢ ላይ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ፋይሎች አሉ፣ ከ1 እስከ 14። ቀድሞ የኮምፒውተሩን ቀን አስተካከለ። «ባትሪው ደክሞ 2001 ላይ ቀርቷል፣ በፈረንጅ 2008 ነን» ብሎ።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ እነዚህም የ2001 ናቸው። ሰባት ዓመታቸው! ስትገዙት አሮጌ ነበር?»

«አዎ፣ ባሕር ዳር ሰው ሲሠራበት የነበረ።»

«በቃ የድሮው ባለቤት ናቸዋ። ዲንም ኢንም አጥፍቼ ለሲ ልቀላቅለው?»

መምህሩ ፈተናውን ቆሞ ይጠብቃል፣ ሜላት ታለቅሳለች... «አጥፋው» አልኩ። ሳላስከፍተው።

ጥቅምት 27

ኮምፒውተሩ አልቆመም። ተመስገን።

ኅዳር 12

አርባው። ሰው ሲወጣ አማቴ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጠሩኝ። ከማንኩሳ የመጡት ትናንት ነው።

«በይ ልጄ፣ ኮምፒውተሩን ክፈችው። አደራ አለብኝ።»

«የምን አደራ፣ አባ?»

«ታሞ ሳለ፣ አንቺ ገበያ ስትወጪ፣ ለሜላት ድምፁን ይቀዳላት ነበር። ተረቱን፣ ምክሩን... አሥራ አራት ጊዜ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ። ‹ዓባይነሽ ሐዘኗ ሳይበርድ ብትሰማው ትጎዳለች፣ እስከ አርባዬ እንዳይነግሯት› ብሎ ቃል አስገባኝ።»

አሥራ አራት።

ወይኔ! ወይኔ ያረጋል! የኮምፒውተሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር ያደረገው እሱ ነበር። «በእኛ ቤት ተቀምጦ የፈረንጅ ዓመት ይቆጥራል?» ብለው ያሾፉበት አባ ራሳቸው። እየሳቀ ሲቀይረው አጠገቡ ነበርኩ። አጠገቡ! 2001 ማለት እኮ ዘንድሮ ነው፣ ያለፈው መስከረም። እንዴት ጠፋኝ?

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ቀድሜ በነገርኩሽ... ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 14

ክንዱ ቀኑን ሙሉ ሲሞክር ዋለ። ላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል አለ። ስማቸው ብቻ ተመለሰ፤ 1፣ 2፣ 3... ሲከፈቱ ምንም የለም። «መክፈት ነበረብኝ፣ እትዬ» ብሎ አቀረቀረ። እኔስ?

ኅዳር 23

አባ ወደ ማንኩሳ አልተመለሱም። ዛሬ ከኮምፒውተሩ ድምፅ መቅጃ ማይክ ፊት ተቀመጡ፣ ያረጋል ለሜላት ያለውን እሳቸው ሊነግሯት። ሦስቱን አስታወሱ። «አራተኛው... አራተኛው ምን ነበር?» እያሉ ቆዩ። አልመጣላቸውም። አሥራ አንዱ ቀረ።

ቀኑን ወደ 2001 መለስኩት። ፋይሉንም በቁጥር አልሰየምኩትም። «ለሜላት፣ አባትሽ ያለሽ» አልኩት። ማንም ከፍቶ ይየው።

ሊጀምሩ ሲሉ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፣ ልክ እንደ እሱ። ሜላት ከወለሉ ብድግ ብላ በሩን አየች። «አባዬ?» አለች።

ጥሪዋም አብሮ ተቀድቷል። አላጠፋሁትም።