ሆቴል ክርስትና አይነሣም

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1961 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሸጊቱ፣

ይህን ደብዳቤ የጣቢያው ጸሐፊ አቶ ጌጡ እንደሚያነቡልሽ አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ እሳቸውን አንድ ነገር ልለምን፦ አቶ ጌጡ፣ እባክዎ ባቡር ሲገባ እንደሚጮኹት አይጩሁበት፤ ቀስ ብለው ያንብቡላት። አንቺም አትቀየሚኝ፤ የምጽፍልሽ በመጽሔት ላይ ስለሆነ ካንቺ ቀድሞ አገር ምድሩ አንብቦታል። ታውቂኝ የለ፣ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። የዛሬው ግን ወሬ ብቻ አይደለም፤ ይቅርታም አለበት።

ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው፣ በዚሁ ገጽ ላይ «የማትቀመጠው ሴት» ብዬ ስላንቺ ጽፌ ነበር። አዋሽ ሁለት ዓመት ሳስተምር ምሳና እራቴን የበላሁት አንቺ ቤት ነውና የማላውቀው ጉድ አልነበረም። ሰርዶ ላይ፣ አሰብ መንገድ ዳር፣ ከአንዲት የግራር ጥላ ሌላ ምንም በሌለበት ቦታ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ በማፍላት መጀመርሽን ጻፍኩ። አዋሽ መጥተሽ ከጣቢያው ፊት ለፊት ስድስት ጠረጴዛ ዘርግተሽ «ሸጊቱ ሆቴል» ማሰኘትሽን ጻፍኩ። በላምባ የሚሠራውን ፍሪጅ በባቡር አስጭነሽ ስታመጪ ግማሹ ከተማ ሊያየው ወጥቶ፣ ሰው በየተራ እጁን እያስገባ ብርዱን መሞከሩን ሳይቀር ጻፍኩ። ቀትር ላይ ባቡር ሲቆምና ያ ሁሉ ተሳፋሪ በአንድ በር ሲገባ፣ አንቺ በአራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ትታዪ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ተቀምጠሽ አላየሁሽም። ምሳሽን እንኳ የምትበዪው ድስቱ አጠገብ ቆመሽ፣ በሁለት ጣትሽ ነበር።

አንባቢ ወደደልኝ። አንቺም መጽሔቱን ቆርጠሽ በመስታወት አስገጥመሽ ከፍሪጁ በላይ ሰቀልሽው። ማንበብ ባትችዪም በቃልሽ እንደያዝሽው ሲነግሩኝ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለአፍታ አረፍ ልበል ስትዪ፣ ሰው ወደ ግድግዳው እያሳየ «ምነው እትዬ፣ የማትቀመጠዋ አንቺ አይደለሽ?» ይልሽ ጀመር አሉ። ወባ ይዞሽ ጥርስሽ እየተንገጫገጨ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ ወጥ ስትጨልፊ የታየሽው ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው አልልም፤ እጄ ግን አለበት።

ባለፈው ወር አንቺ ዘንድ ስመጣ ዘንድሮ የሆንሽውን ሰማሁ። ግማሹን ከራስሽ፣ ግማሹን ከጎረቤት። እውነቱን ለመናገር የጎረቤቱ ይበዛል፤ አንቺ ስለ ራስሽ ስታወሪ ትቸኩያለሽ። የምታውቂውን ታሪክ መልሼ የምነግርሽ፣ ያንን የፊተኛውን ያነበበ ሰው ይህንንም እንዲያነበው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቆርቆሮ ነው። ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ግማሹን ቆርቆሮ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። መስከረም ላይ መምሬ ወልደ ኢየሱስ፣ በጸሎት የሚታሰቡትን የሰጪዎች ስም ሊመዘግቡ መዝገባቸውን ይዘው ቤትሽ መጡ። ባቡር ሊገባ ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ስምሽን እንዴት ብለው እንደሚጽፉ ቢጠይቁሽ፣ ፊትሽን ከድስቱ ሳትመልሺ «ሸጊቱ ሆቴል ብለው ይጻፉ» አልሻቸው።

«ሆቴል ክርስትና አይነሣም፣ ልጄ» አሉ መምሬ። «የክርስትና ስምሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። አንቺም ሳቅሽ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጭልፋውን እንደያዝሽ ቀረሽ። የእያንዳንዱን ሾፌር ስም ከነልጆቹ የምታውቂ፣ ማን በርበሬ እንደማይስማማው፣ ማን ቀዝቃዛ አምቦ ሳይጠጣ እህል እንደማይቀምስ የማትረሺ ሴት፣ የራስሽን ስም ፈልገሽ አጣሽው። ከምንጃር የወጣሽው በአሥራ አራት ዓመትሽ፣ ሳትወጂ ከዳሩሽ ባል ሸሽተሽ ነው። እናትሽ ከሞቱ ቆይተዋል። ካደግሽ ወዲህ ቆርበሽ አታውቂም፤ የንስሐ አባት ለመያዝም ጊዜ አላገኘሽም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም የጠራሽ አልነበረምና ስሙ ሄደ። እንግዲያው ሌላ ያውጡልኝ ብትያቸው መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥምቀት አንዲት ናት፣ ስምም እንደ መኪና ታርጋ አይለወጥም ብለውሽ፣ በመዝገቡ ላይ ባዶ መስመር ትተው ሄዱ።

ፍየል የሚያመጣልሽ ሙሐመድሰዒድ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሮ መቀለጃ አደረገሽ። የሱ ስም ቤትም መስጊድም ያው መሆኑን፣ እናንተ ክርስቲያኖች ግን ሁለት ስም ይዛችሁ አንዱን በረሃ ላይ እንደምትጥሉት ላገኘው ሁሉ አወራ። ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እትዬ፣ ተገኘ ወይ?» ይልሽ ነበር።

ነገሩን ልትረሺው ሞከርሽ። ማን ጊዜ አለው? ጥቅምት ገብቶ ጥጥ ለቀማው ተጀምሯል፤ ከተማው ከደጋ በወረደ ቀን ሠራተኛ ተጥለቅልቋል። ከሁሉም በላይ ሦስት ዓመት የደከምሽለት ነገር እጅሽ ሊገባ ነበር፦ የጥጥ እርሻውን ጸሐፊዎችና ሾፌሮች ዓመቱን ሙሉ የመመገብ ኮንትራት። የእርሻው የግዢ ሹም አቶ ጉልላት፣ ሐሙስ ኅዳር አምስት ቀን ቤቱን አይተው ሊያስፈርሙሽ ቀጥረውሻል። ምግቡም ቅዳሜ ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ ማንም የሰርዶዋ ሻይ ሻጭ ብሎ እንደማይጠራሽ ለኔም ደጋግመሽ ነግረሽኛል።

በዚያው ሰሞን ደስታው ሞተ። ደስታው ለቀማ ሲደርስ የሚመጣ፣ ሲያልቅ የሚሄድ፣ እሑድ እሑድ አንቺ ቤት ጥግ ላይ ሽሮ የሚበላ ዝምተኛ ሰው ነበር። ወባ በሦስት ቀን ጨረሰው። ከፈን የገዛሽለት፣ ቀባሪ የሰበሰብሽለት አንቺ ነሽ። ሰኞ ቀን መምሬ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ሲሉ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። አብረውት የሚያድሩት ለቃሚዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ፣ ሌላ ስም እንዳለው ነግሮን አያውቅም አለ። መምሬ «አንተ ስሙን የምታውቀው ባሪያህ» እያሉ ፈቱት።

ከቀብር ስትመለሱ ሰው ስለ ሙቀቱና ስለ ለቀማው ሲያወራ፣ አንቺ ሁሉንም ቀድመሽ ወደ ቤትሽ ገሰገስሽ አሉ። በልብሽ የነበረውን የነገርሽኝ በኋላ ነው። «እኔ ብሞት መምሬ ምን ሊሉ ነው?» አልሽኝ። «ሸጊቱ ሆቴልን ማርልን?»

ስሙን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ክርስትና ያነሡሽ እመት አትክልት። እሳቸውም ክረምቱን ታመው እንደከረሙ አንድ የምንጃር ጤፍ ነጋዴ ነግሮሻል። ምንጃር ደርሶ ለመመለስ ሳምንቱ ያልቃል። ፈርሜ ልሂድ እንዳትዪ፣ ቅዳሜ ምግቡ ከተጀመረ ዓመቱን ሙሉ መላወሻ የለም፤ እመት አትክልት ደግሞ ዓመት ይጠብቁሽ እንደሆነ ማን ያውቃል? በሰው ላስፈርም ብትዪ፣ የአቶ ጉልላት ወረቀት የሚፈልገው ያንቺን አውራ ጣት ነው።

ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ባቡር ተሳፈርሽ። ፈንታ የምትባለው ወጥ ሠሪሽ ነጠላዋን እያጣፋች እስከ ጣቢያው ተከትላሽ፣ አቶ ጉልላት ሲመጡ ምን እንደምትላቸው ጠየቀችሽ።

«ስሟን ፍለጋ ሄደች በያቸው» አልሻት።

ከዚያ አዋሽ የተወራውን እዚህ አልዘረዝረውም። የድሮ ባሏ መጥሪያ ልኮባት ነው ያለ አለ፤ አዲስ አበባ ሁለተኛ ሆቴል ልትከፍት ነው ያለም አለ። እኔም እዚያ ብኖር ኖሮ ሦስተኛውን የምጨምረው እኔ ነበርኩ።

አንቺ ግን ወለንጪቲ ወርደሽ፣ በእግርና በተከራየሽው በቅሎ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረስሽ። እመት አትክልት ደጃፋቸው ላይ፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ፈዟል። ማነሽ ቢሉሽ፣ እንደለመድሽው ሸጊቱ ነኝ፣ የአዋሽዋ፣ ባለ ሆቴሏ አልሽ። አላወቁሽም። ሆቴል የሚባለውም ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ጨነቀሽና ዝቅ ብለሽ፣ የአባትሽን ስም ጠርተሽ፣ የበላይ ልጅ ነኝ፣ ክርስትና ያነሡኝ አልሻቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፊትሽን በመዳፋቸው አገኙት። ከዚያም ስሙን ጠሩት። አላሰቡም፤ አላመነቱም፤ ገና ትላንት እንደጠሩሽ ሁሉ።

«እንዴት አልረሱትም?» ብትያቸው፣

«እንዴት እረሳዋለሁ? በየማለዳው ስጸልይ እጠራዋለሁ እኮ» አሉሽ። «ኑሪ ሙቺ አላውቅም። ስምሽን ግን አንድ ቀን ሳልጠራ ውዬ አላውቅም።»

አንቺም ልታስረጃቸው ጀመርሽ። የሰርዶውን ሻይ፣ ስድስቱን ጠረጴዛ፣ ፍሪጁን፣ ቆርቆሮውን፣ ነገ ሊያመልጥሽ ያለውን ኮንትራት፣ በመስታወት የተሰቀለውን የኔን ጽሑፍ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገርሻቸው። በፊታቸው ቆመሽ ነበር የምታወሪው። እስክትጨርሺ ሰሙሽና አጠገባቸው ያለውን መደብ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ደክሞሽ ኖሯል» አሉሽ። «ነይ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥሽ። ለኔ ስትነግሪኝ እዚህ ላይ ሌላ አልጨመርሽም፤ እኔም፣ ወሬ ወዳዷ፣ አልጠየቅሁሽም።

ሐሙስ አቶ ጉልላት በሰዓታቸው መጡ። ፈንታ ያልሻትን አንድም ሳታጎድል ነገረቻቸው። በሥራቸው ላይ የታመመ፣ የሞተበት፣ የሸሸ ነጋዴ እንዳጋጠማቸው፣ ስሟን ፍለጋ የሄደች ግን አይተው እንደማያውቁ ተናግረው ስቀው ወጡ፤ ወጥተውም ወዳጠገብሽ ወደ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ምግብ ቤት ገቡ። ኮንትራቱ የዚያኑ ቀን እዚያ ተፈረመ። ያቺ፣ አንቺ ፍሪጅ በገዛሽ ማግስት ኩርፊያ የጀመረችው ሰርክአዲስ።

ቅዳሜ ከባቡር ስትወርጂ ከተማው ደጅ ደጁን ይዞ ይጠብቅሽ ነበር፤ አዋሽ ከባቡርና ከጠብ ሌላ ምን መዝናኛ አላት? አንቺ ፊትሽን ታጠብሽ፣ ወጥ ቤት ገባሽ፣ ሁለቱን ትልልቅ ብረት ድስቶች አንዱን ለፈንታ አሸክመሽ አንዱን ራስሽ ይዘሽ ወደ ሰርክአዲስ አመራሽ። ድስት ልትወረውሪባት የመጣሽ መስሏት በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። አቶ ጌጡ ይመስክሩ፣ እሳቸው መሐል ገብተው ነው የተከፈተው። «ያንቺ ድስት ለሰማንያ ሰው አይበቃም፤ እስክትገዢ ያዢው» አልሻት። ቀጥለሽም ከሾፌሮቹ በርበሬ የማይስማማው የትኛው እንደሆነ ነገርሻት። እሷ አለቀሰች ይላሉ፤ እሷ ግን ሽንኩርት ነው ትላለች።

አልቆጨሽም ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ቅዱስ ነገር ትመልሺልኛለሽ ብዬ እርሳሴን አዘጋጅቼ ነበር። «ቆጨኝ እንጂ» አልሽኝ። «ሦስት ቀን አንጀቴ አረረ። በኋላ ሳስበው ግን፣ እኔ ኮንትራት ባገኝም ባጣም፣ ምንጃር ላይ አንዲት አሮጊት በየማለዳው ስሜን ትጠራለች። ሻይ ስሸጥም ትጠራኝ ነበር። ሆቴሉ ቢዘጋም ትጠራኛለች። ታዲያ ምን ያስሮጠኛል?»

ሥራ አልተውሽም፤ ቅቅልሽ እንደ ድሮው ነው፣ ባቡር ሲገባም እንደ ድሮው ትበሪያለሽ። እሑድ ግን ቤቱ የሚከፈተው ከቅዳሴ መልስ ነው። በመምሬ መዝገብ ላይ ያ ባዶ መስመር ተሞልቷል። ሙሐመድሰዒድም እኔ ባለሁበት ፍየል ይዞ መጥቶ «ተገኘ ወይ?» ቢልሽ ራስሽን ነቀነቅሽለት። ቀልዱን ትቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ትልቁን ፍየል መርጦ አወረደልሽ።

ያንን የኔን ጽሑፍ ከግድግዳው እንድታወርጂው ለመንኩሽ። እንቢ አልሽ፤ ግድግዳውን ሞልቶልኛል አልሽኝ። ባቡሩ ፉጨቱን ነፍቶ ከሄደ በኋላ ነው ምክንያቱን ያየሁት። ከሥሩ አንድ ወንበር አስቀምጠሻል። መጥተሽ እግርሽን ዘርግተሽ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ፣ «የማትቀመጠው ሴት» ከሚለው ርእስ ሥር ተቀመጥሽ። እትዬ፣ ብዙ ትልልቅ ሴቶች አይቻለሁ፤ በየግብዣው ፊተኛ ወንበር የሚለቀቅላቸውን አይቻለሁ። እንዳንቺ የተቀመጠች አላየሁም።

ስምሽን በጆሮዬ ነግረሽኛል። እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስሜ በደብተራ እጅ ይገባል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ እኔ የማልጽፈው ግን ስሙ የመጽሔት ስላልሆነ ነው።

«ያንቺስ ማነው?» አልሽኝ ቀጥለሽ።

አንባቢ ሁሉ «የሰፈር ሰው» በሚለው የብዕር ስሜ የሚያውቀኝ፣ ስለ ሰው ሁሉ ቃል የማያልቅብኝ እኔ፣ የራሴን አላውቀውም ነበር። አንቺም አልሳቅሽብኝም። አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ ጉለሌ እናቴ ዘንድ ሄድኩና ጠየቅኋት። የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ የታመምኩ መስሏት ነው። ደህና መሆኔን ስነግራት ነገረችኝ።

እንግዲህ እትዬ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ከወንበርሽ አጠገብ ሌላ ወንበር አኑሪልኝ። እስከዚያው እሑድ ስትሄጂ ለመምሬ ወልደ ኢየሱስ ከዚህ በታች ያለውን ስም ንገሪልኝ። አቶ ጌጡ፣ ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር በጆሮዋ ያንብቡላት።

በጸሎትሽ የምትታሰብ እህትሽ፣
ወለተ ሐና