እንደ ከብት አልወረስም ያሉት የወይዘሮ ሜቲ ያደሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሜቲ ያደሳ ከአባታቸው ከአቶ ያደሳ ዋቆ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደሜ ጂማ በ1951 ዓ.ም. ሆለታ አቅራቢያ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው አዲስ አበባ መጡና ጦር ኃይሎች አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. አቶ ጉዲሳ ቡልቻን አግብተው አስኮ ጎጆ ወጡ። ልጅ አልወለዱም። በዚህ ብዙ ያማቸው አለ፤ ዛሬ እዚህ ቆሞ ያለቅሳል፣ ስሙን አልጠራም።

አቶ ጉዲሳ በ1985 ዓ.ም. አረፉ። አርባቸው እንደወጣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በቤተሰቡ ወግ የሟች ሚስት ለሟች ወንድም ትሰጣለች። ወንድምየው መገርሳ፣ ሚስቱ በወሊድ ሞታበት የአምስት ዓመት ልጁን ዱሬቲን ብቻውን የሚያሳድግ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ጥግ ተቀምጧል። ወይዘሮ ሜቲ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ስለ ሰብአዊ መብት ተምረው ነበርና “እኔ ሰው ነኝ፣ እንደ ከብት አልወረስም” አሉ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ጉተማ “ተይ ልጄ፣ ይሄ የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ እኛ የራሳችን ወግ አለን” አሏቸው።

“አባባ ጉተማ፣ እንቢ ያልኩዎት እኮ በኦሮምኛ ነው። መገርሳ ወንድሜ ነው፤ ወንድሜን አላገባም” ብለው ጓዳ ገቡ።

የሳቀ ነበር። “መገርሳ፣ ሸሚዙን ለዓመት በዓል አስቀምጠው” ያለም ነበር። ቀልዱ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ድረስ ሄዷል። አልተረሳም።

ከዚያ ወዲያ የባል ወገን ደጃቸውን አልረገጠም፤ መገርሳም አልረገጠም። ወይዘሮ ሜቲ ሳንሱሲ አንድ ክፍል ተከራይተው ሃያ ሦስት ዓመት ብቻቸውን ኖሩ። ለበዓል እንኳ በራቸውን የሚያንኳኳ አልነበረም። መገርሳም ሌላ አላገባም። የሁለቱን ቤት የሚለየው ሁለት ፌርማታ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የዱሬቲ ባል ሞተ። የባሏ ቤተሰቦችም በዚያው ወግ ለታናሽየው ሊሰጧት ሽማግሌ ላኩ። ወግ ወግ ሲል የኖረው መገርሳ፣ የገዛ ልጁ ስታለቅስ ሲያይ ይዟት ሳንሱሲ ሄደ። ወይዘሮ ሜቲ በሩን ከፍተው “ግቢ ልጄ” አሏት። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት አጠገቧ ቆመው እንቢታዋን አስከበሩላት። መገርሳን ግባ አላሉትም፤ እሱም ልግባ አላለም። ዱሬቲ እዚያው ቀረች። የእሱ ቤት ባዶ ሆነ።

ወይዘሮ ሜቲ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ዱሬቲ እያስታመመቻቸው ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ማን ማን ቤተሰብ ተብሎ እንደሚጻፍ ለዱሬቲ ነግረዋታል። ሁለት ስም ነው፤ ልጃቸው ዱሬቲ መገርሳ እና ወንድማቸው መገርሳ ቡልቻ። “ወንድሜ ነው ብዬ የለም? እንደዚያው ጻፊው” ብለዋል።

ይህን የጻፈው ወንድማቸው ነው። አልወረስም ያሉ ያን ቀን ልክ ነበሩ። በሕይወት እያሉ የነገራቸው ሰው የለም።

እግዚአብሔር በሩን ከፍቶ፣ እሳቸው ለዱሬቲ እንዳሉት፣ “ግቢ ልጄ” ይበላቸው። አሜን።