የእኔ ፊልትሮ፣ የአማቴ ስግደት

ጥቅምት 12፣ ጠ. 4 ሰዓት
አሮጌው ዘይት እየተንጠፈጠፈ ነው። ደብተር ሆይ፣ ምስጢር ልንገርህ፦ የመኪና ጥገና መምህሩ ጌታህ አሥር ዓመት በፕሮጀክተር አስተምሯል፤ በእጁ ግን አንድ የዘይት ማጣሪያ፣ አንድ ፊልትሮ ፈትቶ አያውቅም። መኪናዋ የአማቴ የመሪጌታ ይትባረክ ናት። ጋራዥ እንዳይወስዷት የለመንሁ እኔ። አማት ፊት መጀነን አማረኝ። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ሥራ አይነካም ብለው ነበር። "ይኸማ ሥራ አይባልም አባባ፣ ጨዋታ ነው" አልሁ። እያመነቱ ፈቀዱ።

ከሰ. 8
ፊልትሮው እንቢ አለ። በእጅ። በጨርቅ። በሱሪ ቀበቶዬ ጠምጥሜ። በመጨረሻ ካቻቢቴ ጎኑ ላይ በመዶሻ ሰክቼ አዞርሁት። ግማሹ ዘይት ፊቴ ላይ። አዲሱን አሰርሁ። አባባ መረቁኝ። አሜን አልሁ፣ በሙሉ ድምፅ።

ጥቅምት 14
ዓባይ ማዶ፣ አባባ ድልድዩን እንደተሻገሩ መኪናዋ ዘይቷን አስፋልት ላይ ዘርግፋ ቆመች። ባለባጃጆች ገፍተው ዳር አወጧት። ተጠርቼ ደርሼ ከሥሯ ገባሁ። አየሁት፦ የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አዲሱን በላዩ አስሬበታለሁ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ዘይት አይዝም። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ በቀይ ጽፌ የማሳየው። ልጬ ቦይ ውስጥ ወረወርሁት። ምን ሆና ነው ልጄ አሉኝ። እንጃ አባባ፣ አልሁ። እንጃ!

ጥቅምት 16
ባለቤቴ ሰናይት ነገረችኝ። አባቷ ምክንያቱን ደርሰውበታል፦ በሚካኤል ቀን ሥራ መፍቀዳቸው። ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄደው ተናዝዘዋል። ቀኖናው በቀን አርባ ስግደት። በሰባ አምስት ዓመታቸው! በዚያ ጉልበት! ሳቄ መጣ። ወዲያው ሞተ። የእኔን ስንፍና በሊቀ መላእክት አሳብቤ ተኝቻለሁ።

ጥቅምት 18፣ ጠ. 12፡30
ልነግራቸው ሄድሁ። ግድግዳ ተደግፈው ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። ታዲያ በመናገር ፈንታ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አጠገባቸው ተደፍቼ አብሬ ሰገድሁ! አርባውንም። ዕንባ አቀረሩ። እስከ ማታ ሰፈሩ ሰማ፦ መሪጌታ ሸክማቸውን የሚካፈል አማች አላቸው። ሰናይት ራት ላይ በእጇ አጎረሰችኝ።

ጥቅምት 19
ጉልበታቸው አብጧል። ሰናይት በቅባት እያሸች ይበቃዎታል ትላለች። እሳቸው፦ "ተይኝ ልጄ፣ በደሉ የኔ ነው።"

የሳቸው!

ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው እየመጡ ነው። ብቻቸውን ብነግራቸው ይቅር ብለው ነገሩን ይሸፍኑልኛል፤ አውቃቸዋለሁ። የተመሰገንሁት በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት እናገራለሁ። ከጓዳ ሆኜ እጽፋለሁ፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቤቱ ሞላ። አማቼን ጥሩልኝ፣ አጠገቤ ይቀመጥ ይላሉ አባባ። እሄዳለሁ። ቃሌ ይህ ነው፦ አባባ፣ ሚካኤል አልተቆጣዎትም፤ እኔ ነኝ የአሮጌውን ፊልትሮ ጎማ ሳላወጣ አዲሱን ያሰርሁት።