ያነበቡብኝ ራጅ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ውድ የንስሐ አባቴ ቄስ ወልደ ሐዋርያት፣

ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ሰቆጣ ክሊኒክ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ከገባሁ ወዲህ ከሥራ በኋላ ፊደል ቆጥሬአለሁ። አጻጻፌ ቢወላገድ ይታገሡኝ፤ ነገሬ ግን አልተወላገደም።

በዚህ ወር መግቢያ እኅቴን ይመኙሻልን ልኬብዎ ነበር። «ራጁን ተሳስተው ነው ያነበቡት፤ ለሰው ይናገሩላት» ብትልዎ፣ «ያለፈውን አታንሺ በያት፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለው መለሷት። በእግዚአብሔር አያሳብቡ፣ አባ! ራጁን ወደ ፀሐይ አንሥተው የያዙት እርስዎ ነዎት።

በ1957 ኅዳር ያ ሳል ሲጥለኝ ምንዋጋው ገና ጥሩ ባል ነበር። በበቅሎ ኮረም አደረሰኝ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ ሆስፒታል ገባን። እሱ ለአጨዳ ተመለሰ። እኔን ሦስት ጧት አክታዬን ተቀበሉኝ፤ መርፌ ወጉኝ። ሳሉ ሲተወኝ ደረቴን ከቀዝቃዛ ነገር ላይ አስለጥፈው «ትንፋሽሽን ያዢ» አሉና ራጅ አነሡኝ። አስተርጓሚው የሐኪሙን ቃል ሲነግረኝ «የሳንባ ምች ነበር፤ ለቅቆሻል። አክታሽ ንጹሕ ነው። ራጁን አስቀምጪው፤ ሌላ ጊዜ ብትታመሚ ለሐኪም ታሳዪዋለሽ» አለኝ። አገሬ ስመለስ ይህንኑ ቃል በቃል ነግሬዎታለሁ።

ምንዋጋው ግን «እሷ የሰማችው አይበቃኝም» ብሎ ራጁን ለእርስዎ ሰጠ። እሑድ ነበር፤ ደጀ ሰላሙ በሰው ሞልቷል። አንሥተው አዩት። ገለበጡት። እንደገና ገለበጡት። ግራ እንደገባዎ ከዐይንዎ አየሁ። ያኔ «ይህን አላውቀውም» ቢሉ ማን ይንቅዎ ነበር? ጉሮሮዎን ጠረጉና፣

«ነጩ አጥንቷ ነው። ሳንባዋ ግን እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ተቃጥሎ አልቋል» አሉ።

«አባ፣ ሐኪሙ ድነሻል ብሎኛል እኮ!»

«ልጄ፣ ሐኪም በሽተኛ አያስደነግጥም።»

ራጁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የደብሩ ወንድ ሁሉ የደረቴን ውስጥ እየተቀባበለ አየ። እኔ ነጠላዬን አንገቴ ድረስ ስቤ ቆሜ ነበር።

በሳምንቱ ምንዋጋው ሰማንያችንን አፈረሰ። የሁለት ዓመቷን ልጃችንን ታይቱን «በሽታው ይጋባባታል» ብለው አስቀሩብኝ። ብቻዬን ወደ ሰቆጣ ሄድኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። አምኜዎት ነበር! ከሐኪሙ ቃል የእርስዎን አስበልጬ አምስት ዓመት ሞቴን ስጠብቅ ኖርኩ። በተሰነጠቀ ቅል ለብቻዬ ጠጣሁ። ሰው ሊስመኝ ሲመጣ ፊቴን አዞርኩ። በ1960 ይመኙሻል ታይቱን ደብቃ ሰቆጣ ገበያ አመጣችልኝ። «ያቻትልሽ እናትሽ» ስትላት ልጄ ሮጣ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። በዚህ በምጽፍበት እጄ ገፈተርኳት። በጀርባዋ ወደቀች። «አትንኪኝ! ሂጂ!» ብዬ ጮህኩባት። አላለቀሰችም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ አክስቷ ተመለሰች። እኔ አንድም ቀን አልተኛሁም ከዚያ ወዲህ፣ እርስዎስ?

ዘንድሮ ጥር ላይ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ሕሙማኑን የሚያክመው አቶ አሥራተ ማርያም፣ በዚያ ቅል ስጠጣ አይቶ «ምነው?» አለኝ። ነገርኩት፤ ራጁንም አመጣሁለት። በመስኮቱ ብርሃን ብዙ አየውና «ማነው ተቃጥሏል ያለሽ?» አለ።

«የንስሐ አባቴ።»

«እኅቴ፣ አጥንት ጨረሩን ስለሚያግደው ነጭ ሆኖ ይወጣል። አየር ግን ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ይጠቁራል። ጤነኛ ሳንባ ደግሞ አየር የሞላው ነው። ቢታመም ኖሮ ነጭ ነጭ ይልበት ነበር። ይህች ከታች ያለችው ስስ ነጭ የምቹ ርዝራዥ ናት። የቀረው ጥቁር ጤናሽ ነው።»

በራጁ ብቻም አልተወኝም፤ ሦስት ጧት አክታዬን መረመረ። ንጹሕ።

«አንተስ ይህን ከየት አወቅህ?» አልኩት።

«እኔም መጀመሪያ እንደ እሳቸው ገልብጬ ነበር የማነበው። ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ።»

ጠየቅሁ አለ፣ አባ። እርስዎን ያቃተዎ ይህ ነው። ሰው ድነሻል ሲባል እልል ይላል፤ እኔ ግን የማጠቢያ ገንዳውን በርግጫ ገለበጥኩት።

በፋሲካ ሰሞን ወደ አገሬ መጥቼ ከምንዋጋው አጥር ውጭ ታይቱን ጠራኋት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁመናዋ እናቴን ይመስላል። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ራቅ ብላ ቆመች።

«ድኛለሁ፣ ልጄ» አልኳት።

«ቄሱ አትድንም ብለዋል» አለችኝና ሮጠች።

እኔን አታምነኝም። እርስዎን ግን ታምናለች። ይህን ደብዳቤ መጻፌ ለዚህ ነው እንጂ፣ ፊትዎን ዳግመኛ ባላይ ደስታዬ ነበር።

ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ፤ አቶ አሥራተ ማርያምም አብሮኝ ይመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ወደ ፊት ያስጠሯትና በሕዝቡ መካከል «ሳላውቅ ተናገርኩ፤ እናትሽ ጤነኛ ናት» ይበሏት። ከምንዋጋው ጋር ያለኝን እኔው እጨርሳለሁ። «ይቅር በይኝ» እንዲሉኝ አልጠይቅዎም፤ ቢሉኝም ዘንድሮ መልስ የለኝም።

እስከዚያው ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ሳይናገሩ እንዳይሞቱብኝ።

ወለተ ገብርኤል
የታይቱ እናት