የአህያዬ ቁስል

ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን 1994

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ጭኜ እስከ ጌጃ ሰፈር አደርሳለሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ልብሴንም አጥባለሁ፣ ወጤንም ራሴ እሠራለሁ። ዛሬ ግን ደክሞኛል።

አንዲት የእንስሳት ሐኪም ረቡዕ ረቡዕ ወፍጮ ቤቱ ደጅ እየመጣች አህዮቻችንን በነፃ ታያለች። አንድም ቀን ጠርቻት አላውቅም። ዛሬ ራሷ መጣችና የአህያዬን ጀርባ ገልጣ አየች።

"አባባ፣ ቁስሉን ምን ቀቡት?"

"የተቃጠለ የመኪና ዘይት። አርባ ዓመት ያከምኩበት ነው።"

"እርስዎ ሲቆስሉም እሱን ነው የሚቀቡት?"

ባለ አህዮቹ ሳቁብኝ። "ዛሬ አባባ ተያዙ!" አለ አንዱ። ቁስሉን በጨው ውሃ ስታጥበው ከሥሩ መግል ወጣ። ዘይቱ ከላይ ሸፍኖ ከውስጥ ሲያበሰብሳት ኖሯል። ወር ሙሉ እንዳልጭናት አዘዘችኝ። ምን በልቼ እንደምከርም እንጃ።

"ዘይቱን ለሚቀቡት ሌሎች ሰዎች እኔ ልንገርልዎ?" አለችኝ።

"አይሆንም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ" አልኳት።

እንግዲህ ዕዳዬ ይህ ነው። ነገ አብነት ሰፈር ላለው ከሰል ሻጭ እነግረዋለሁ፤ የሱ አህያ ቁስሏ ገና አዲስ ነው። ቀጥሎ ለጎረቤቴ ለባለ ጋሪው። ከዚያ የሟቹ ጓደኛዬ ልጅ አለ። የሱ አህያ ክረምት ላይ በቁስል ሞታበታለች። ዘይቱን በጣሳ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሱም አመስግኖኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምርለት አላውቅም። ግን ራሴ እሄዳለሁ።